ከጋይሮ በፊት ሚዛን

ከቨርጂኒያ ወደ አውሮራ ኮሎራዶ በቅርቡ የተዛወረ አንድ ወጣት የፎም አውሮፕላኑን ታቅፎ መጣና «ጋሼ፣ እዚያ እንዴት ጥሩ ይበር ነበር መሰለዎት! እዚህ ግን ገና ከእጄ ሲወጣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቀናና በአንድ ክንፉ ይደፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ነው አይደል? ሻል ያለ ጋይሮ ብገዛለትስ?» አለኝ። (ጋይሮ አውሮፕላኑን በራሷ የምታረጋ ትንሽ መሣሪያ ናት።)

አውሮፕላኑን ተቀብዬ ሁለት ጣቶቼን ከክንፉ ሥር፣ ከፊተኛው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ደገፍኩት። ጅራቱ ወዲያው ቁልቁል ወረደ። ጣቶቼን ወደ ኋላ እየሳብኩ ሄጄ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ስደርስ ተስተካክሎ ቆመ። የክንፉ ወርድ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ላለ ቀጥ ያለ ክንፍ እኔ ከወርዱ 25 እስከ 28 በመቶ እጀምራለሁ፤ የእሱ 37 አልፏል። ከዚህ በኋላ ስለ ጋይሮ የምናወራው ምን አለ?

ስለ አየሩ የተናገረው ሐሰት አይደለም። እኛ የምናበርበት የቼሪ ክሪክ ፓርክ ሜዳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ክንፉ አየሩን ለቆ የሚወድቅበት ፍጥነትም 9 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን 12 በመቶ ይደርስ ነበር። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፦ ጠንከር አድርጎ መወርወር፣ ፕሮፔለሩን አንድ ቁጥር ማሳደግ፣ ሲያርፉም ፍጥነት አለመንፈግ። አየሩ ሲሳሳ የክንፉም የጅራቱም ጉልበት እኩል ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ የሚመዘንበት ቦታ አንዲት ሚሊ ሜትር አይንቀሳቀስም። እዚህ ሚዛኑ የተበላሸ አውሮፕላን ቨርጂኒያም ሚዛኑ የተበላሸ ነበር።

ታዲያ እዚያ እንዴት በረረ? ጋይሮዋ ደብቃለት ነው። በተቀባዩና በሰርቮዎቹ መሀል ገብታ፣ አፍንጫው ቀና ሊል ሲል ከአብራሪው ጣት ቀድማ ኤሌቬተሩን (የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ታች ትገፋለች። አብራሪው ይህን አያይም፤ እሱ የሚያየው የረጋ አውሮፕላን ብቻ ነው። ኤሌቬተር ግን ጉልበቱን የሚያገኘው በላዩ ከሚያልፈው አየር ነው። በዚያው ክንድ፣ በዚያው ፍጥነት እዚህ ሲወረወር ጉልበቱ በ15 በመቶ ጎደለ፤ ጋይሮዋ ያላትን ሁሉ ሰጥታ አልበቃም። ስሱ አየር ጥፋቱን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ወጣቱ በቀላሉ የሚረታ አይደለም። «ኤፍ 16 ራሱ ያለ ኮምፒዩተር አይበርም እኮ!» አለኝ። እውነት ነው፤ ሆን ተብሎ እንዳይረጋ የተሠራ ነው። ነገር ግን የኤፍ 16 መሐንዲሶች የክብደት ማዕከሉን የት እንዳስቀመጡት ያውቁ ነበር፤ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱንም አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲተካው አራት እጥፍ አድርገው ሠሩት። የእኛ ሰው ደግሞ ሚዛኑን ለክቶ አያውቅም፤ ያለው አንድ ርካሽ ጋይሮ ነው።

ክርክሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1871 ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በተጠመዘዘ ጎማ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሞዴል ፓሪስ ቱሊሪ የአትክልት ስፍራ ውስጥ 11 ሰከንድ አበረረ። ጅራቱን ከክንፉ ባነሰ ማዕዘን ሰክቶት ስለነበር ሞዴሉ ማንም ሳይነካው ራሱን እያረመ ሄደ። በ1914 ደግሞ እዚያው ፓሪስ አጠገብ፣ ሴን ወንዝ ላይ፣ አሜሪካዊው ላውረንስ ስፔሪ በጋይሮ የሚረጋ አውሮፕላን ይዞ ለውድድር ቀረበ። መካኒኩ ክንፉ ላይ ወጥቶ ሲራመድ ስፔሪ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ለዳኞቹ አሳየ፤ ሽልማቱንም ወሰደ። ስፔሪን አደንቀዋለሁ። ለጀማሪ ግን ፔኖ ይቅደም እላለሁ፤ የእሱ መፍትሔ ባትሪ አይፈልግም፣ አይቃጠልም፣ ሽቦው አይላቀቅም።

ወደ ልጁ አውሮፕላን ልመለስ። ከዶላር ትሪ የሚገዛው፣ በሁለት በኩል ወረቀት የለበሰው ፎም ቦርድ ነው፤ እኔም ከሌላው ሁሉ እሱን እወዳለሁ። ቆረጣው ንጹሕ ነው፤ እጅ አለው። ጥፋቱ ግሉ ገኑ ላይ ነው። ጅራቱ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሙጫ ሞልቶታል፤ አንዴ ተሰብሮ ስለነበር በላዩ ደግሞ ደርቦበታል፤ በዚያ ላይ ፕላስተር። «እንዲጠነክር ብዬ ነው» አለ። ሁሉም እንዲጠነክር ብሎ ነው! ጅራቱ ከሚዛኑ ነጥብ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ አፍንጫው 20። ስለዚህ ጅራት ላይ የፈሰሰች እያንዳንዷ ግራም ሙጫ አፍንጫ ላይ ሦስት ግራም ታስከፍላለች። 20 ግራም ሙጫ ማለት 60 ግራም እርሳስ ማለት ነው፤ ያንን ተሸክሞ መብረር ደግሞ በዚህ ስስ አየር ውስጥ ቅጣት ነው። ሙጫ የሚይዘው ስስ ሆኖ ሁለቱን ገጽ ሲያገናኝ ነው። ሙቁን ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ትርፉን በካርቶን ቁራጭ መጥረግ ይበቃል። (ሱፐር ግሉማ አይነሳ፤ ተራው ዓይነት ነጩን ፎም እንደ ስኳር ያሟሟዋል።)

ሙጫውን በከተር ቀስ እያልን ላጥነው። ፕላስተሩን አነሳን፤ የተሰበረውን ቦታ በቀርከሃ ስንጥር ደገፍነው። ከጅራቱ 15 ግራም ወረደ። የቀረውን ለባትሪው ተውነው፤ በፎም አውሮፕላን ላይ ከሁሉ የከበደውና በቀላሉ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። አውሮፕላኑ 800 ግራም፣ ባትሪው 180 ግራም ቢሆን፣ ባትሪውን 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋት ሚዛኑን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያመጣዋል። የልጁን 5 ሴንቲ ሜትር ገፋነው፤ ጣቶቼ ላይ ተስተካክሎ ቆመ። አንዲት ግራም እርሳስ አልጨመርንም። ባትሪው የሚቆምበትን ቦታ በእስክሪብቶ አሰመርንበት፤ ነገ ሌላ ቦታ ቢያስረው የዛሬው ድካም ከንቱ ነውና።

መሬት ላይ የተገኘው ልክ ግን መነሻ ነው። የቀረው ሰማይ ላይ ነው የሚታየው። ጋይሮው ይጥፋ፤ በርቶ ከሆነ ፈተናው ራሱ ይዋሻል። አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ ግማሽ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ትሪሙ ይስተካከል። ከዚያ አፍንጫውን 30 ዲግሪ ያህል ቁልቁል አድርጎ ጣትን ከኤሌቬተሩ ማንሳት ነው። ተፈናጥሮ ወደ ላይ ከወጣ አፍንጫው ከብዷል፤ ባትሪውን ትንሽ ወደ ኋላ። ቁልቁለቱ እየባሰበት ከሄደ ጅራቱ ከብዷል፤ ቶሎ መልሶ ማሳረፍ ነው። ዝግ ብሎ በራሱ ጊዜ ከተቃና በቃ፤ አትንኩት። በእኛ መንደር አፍንጫው የከበደ እንደ ነገሩ ይበራል፣ ጅራቱ የከበደ አንዴ ይበራል ይባላል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለነፋሱ ጋይሮ ይግባ፤ አልከለክልም። ከሰዓት በኋላ ከተራሮቹ የሚወርደውን ነፋስ የሚያውቅ አይስቅበትም። ብቻ ከመወርወር በፊት አውሮፕላኑን በእጅ ይዞ አፍንጫውን መድፋት ነው፤ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ካልተነሳ ጋይሮዋ በተቃራኒው ታርማለች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው ፎም መልቀም ነው።

ስለ ሚዛን እንዲህ ነገር የማበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጀራዬ ሻንጣ መጫን ነው። ሌሊት፣ ብርድ ላይ፣ ከትልቅ አውሮፕላን ሆድ ሥር ቆሜ፣ ይህን ያህል ከፊት ክፍል፣ ያን ያህል ከኋላ የሚል ወረቀት ተሰጥቶኝ በዚያው ልክ እጭናለሁ። አንዳንዱ አውሮፕላን ሲራገፍ የኋላው ካልቀደመ በጅራቱ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቀልድ አያውቅም። መቶ ሰው ተሳፍሮ ሲሄድ የእኔን ሥራ የሚያይ የለም፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው ምስክሬ። ወደዚህ አገር ስመጣ አብራሪ የመሆን ሐሳብ ነበረኝ፤ ኪራይ፣ ልጆች፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ሲደራረብ ሐሳቡ ቀረ። አሁን በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ፎም ስቆርጥ (ባለቤቴ ነጩን ብናኝ ከእንጀራ ጋር አብልተኸናል ትላለች) ጫኙም አብራሪውም እኔ ነኝ። ወረቀቱን የሚሰጠኝ የለም፤ ራሴ እጽፈዋለሁ። የሠራሁት ሲበር ደስ የሚለኝ ከፍታው አይደለም፤ ጣቴን ከሪሞቱ አንስቼ፣ ማንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው።

ልጁ ሌላ ጋይሮ አልገዛም፤ ገንዘቡን ተጨማሪ ባትሪ ገዛበት። ደግ አደረገ።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ቼሪ ክሪክ አለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ኑ፤ አስቀድማችሁ ነጻውን የደኅንነት ፈተና ውሰዱ፤ አውሮፕላናችሁ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ደግሞ በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ (ኤፍኤኤ) ተመዝገቡ። ባትሪውን ቦታው ላይ እሰሩት፤ ከክንፉ ሥር የሚዛኑን ሁለት ነጥቦች በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ጋይሮውን ለጊዜው ቤት ተዉት።