24 ግራም ይበቃል

ትራፕ አየር ላይ የሚወነጨፍ ሸክላን የመምታት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ዙር 25 ሸክላ ነው። አንድ ፓኮ ጥይትም 25 ነው፤ አሥሩ ፓኮ አንድ ካርቶን ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት አራት ዙር የተኮሰ ሰው መቶ ጥይት አቃጥሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናቴ ከአገር ቤት ደውላ «ይህ ሁሉ ጥይት ለሸክላ ነው እንዴ?» ስትለኝ የሚያሳምናት መልስ አላገኘሁላትም። ጥይት በዝናር ተቆጥሮ በሚታጠቅበት፣ አርበኛ ከጠላት የማረከውን እየቆጠበ በተዋጋበት አገር ላረጀች ሴት፣ ለጨዋታ መቶ ጥይት ማቃጠል ነውር ቢመስላት አልፈርድባትም። እዚህ ቨርጂኒያ ግን እስከ 2020 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጥይት ስለመቆጠብ ሲያወራ የሰማሁት ተኳሽ የለም። ሲያልቅ ሌላ ካርቶን መግዛት ነበር፤ በቃ።

በዚያ ዓመት ኤፍቢአይ ከመሣሪያ ግዥ ጋር የተያያዘ ማጣሪያ ወደ 39.7 ሚሊዮን ጊዜ ተጠየቀ፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። በኮቪድ ወረርሽኝ የፈራ ሁሉ ጠመንጃ ገዛ፤ ጠመንጃ የገዛ ሁሉ ጥይት ፈለገ። ጠመንጃና ጥይት አምራቹ ሬሚንግተን በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ኪሳራ አወጀ። ፋብሪካዎች ያላቸውን መስመር ይበልጥ በሚሸጠው ላይ ሲያሠሩት 28 ጌጅና .410 የሚባሉት የጠባብ አፈሙዝ ጥይቶች ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ቀጥሎ ትራፕ የምንተኩስበት የ12 ጌጅም ቀላል ጥይት ሳሳ። ሱቆች ለአንድ ሰው ሁለት ፓኮ ብቻ ማለት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ግን ከእጥረቱ ብዙውን የሠራነው እኛው ነን። በዓመት አራት ካርቶን የሚተኩስ ሰው ሃያ ካርቶን ምድር ቤት ቆልፎ «ጥይት ጠፋ» ይላል።

ቀለህ ለቅሞ ራሱ የሚሞላ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥ ይመስለው ነበር። ባዶ ቀለህ፣ እርሳሱን የሚይዘው የፕላስቲክ ዋድ፣ ባሩድና እርሳስ ካለ ምን ይጎድላል? የጎደለው ፕራይመሩ ነው፤ ቀለሁ ቂጥ ላይ ተቀምጦ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሿ ነገር። አሜሪካ ውስጥ ፕራይመር የሚሠሩት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው፤ ራሳቸውም ጥይት ስለሚሸጡ መጀመሪያ የሚያሟሉት የራሳቸውን መስመር ነው። ለእኛ የሚተርፈው ትራፊው ነው። ትራፊው ደግሞ አልነበረም።

ያኔ ነው አደገኛው ሐሳብ የመጣው፦ ያገኙትን ፕራይመር ባገኙት ባሩድ ላይ መጠቀም። የ12 ጌጅ መደበኛ ጥይት ከፍተኛ የግፊት ወሰን 11,500 ፒኤስአይ ነው። ባሩዱ ሳይነካ ፕራይመሩ ብቻ ቢለወጥ ግፊቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ቀለሁና ዋዱም እንዲሁ። የአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈው ቅንጅት ከነሙሉ ክፍሎቹ የተለካ ነው። አንዱን ቀይሮ ሌላውን እንዳለ መተው ግምት ነው፤ ግምቱም የሚፈተነው ከጉንጭህ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሌለ ቅንጅት ከመሙላት ወቅቱን ሙሉ አለመተኮስ ይሻላል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ፕራይመር ማብዛት ባልችልም፣ መቆጠብ የምችለውን ያገኘሁት የእርሳስ ከረጢቱ ላይ ነው። አንድ ከረጢት 25 ፓውንድ፣ ማለትም 11.3 ኪሎ ያህል ነው። ትራፕ ተኳሾች በልማድ በሚጭኑት 32 ግራም ብናካፍለው 354 ጥይት ይወጣዋል። በ28 ግራም 405፣ በ24 ግራም 472። ከአንዱ ከረጢት 118 ጥይት ትርፍ!

«ሸክላውን ይሰብረዋል ወይ?» ነው ቀጣዩ ጥያቄ። ቁጥር 8 እርሳስ 24 ግራም ውስጥ ወደ 347 ፍሬ ይገባል። ከእሱ ትንሽ የሚወፍረው ቁጥር 7½ ደግሞ 28 ግራም ውስጥ ወደ 346 ፍሬ ነው። አየር ላይ የሚበተነው የፍሬ ቁጥር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የኦሊምፒክ ተኳሾች የሚፈቀድላቸውም 24 ግራም ብቻ ነው፤ ቪንሰንት ሃንኮክ በ2008፣ በ2012፣ በቶኪዮና በፓሪስ የስኪት፣ የሌላው የሸክላ ተኩስ፣ ወርቅ ያገኘው በዚሁ ልክ ነው። ሃንኮክን ያልጎደለው እኔን ጎደለኝ ብል ማን ይሰማኛል?

እርግጥ ከ16 ያርድ መስመር ወደ ኋላ፣ እስከ 27 ያርድ ለሚቆም ሰው ቁጥር 8 ጉልበቱ ይደክማል፤ እዚያ 7½ እመርጣለሁ። አንዳንድ ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃም በቀላል ጥይት ቀለሁን ተፍቶ ቀጣዩን አይጎርስም። ዋዱና ባሩዱም ለ24 ግራም የተሠራው ቅንጅት መሆን አለበት። ከዚህ ውጪ 32 ግራም የሚጨምርልን ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ርግጫ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ተኳሹ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍነው ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል።

ከግራሙ ቀጥሎ የለወጥኩት አተኳኮሴን ነው። ጥይት በርካሽ በነበረ ጊዜ ልምምድ ማለት ዙር መጨረስ ነበር፤ የማልስተውን ሸክላ ደጋግሜ እመታለሁ፣ የምስተውን ደጋግሜ እስታለሁ። አሁን በስተቀኝ ጫፍ ባለው አምስተኛው የመተኮሻ ቦታ ላይ ቆሜ ወደ ቀኝ የሚሸሸውን ብቻ እጠራለሁ። እንደ እኔ ያለ ቀኝ እጅ ተኳሽ ወገቡ ሳይዞር ክንዱ ብቻ ስለሚጎተት የሚፈተነው በእሱ ነው። አሥር ጥይት እዚያ ላይ ካቃጠልኩ በኋላ የቀረውን ወደ ቦርሳዬ እመልሳለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ጥይት ሌላ ክፍል አስቀምጬ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ አፈሙዙ ውስጥ አስገባለሁ። ሰደፉን ወደ ጉንጬ ሳነሳ ብርሃኑ ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት መስመር ላይ ሳይዘል መሄድ አለበት። ነጻ ነው፤ አሰልቺም ነው። ብዙ ሰው የማይሠራው ስለሚሰለች ይመስለኛል።

ከ2020 በኋላም ገበያው አልተረጋጋም። በዩክሬን ጦርነት የመድፍ ተኩስ የባሩዱን መሠረት፣ ናይትሮሴሉሎዝን፣ ተሻማብን። በታኅሣሥ 2024 ቻይና ወደ አሜሪካ የምትልከውን አንቲሞኒ አገደች። እርሳስን የሚያጠነክረው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ፍሬው አፈሙዙ ውስጥ ተጨፍልቆ ከመንጋው ይነጠላል። አሜሪካ ማዕድኑን አቅልጦ እርሳስ የሚያወጣውን የመጨረሻ ፋብሪካዋን፣ ሚዙሪ የሚገኘውን ሄርኩሌኒየምን፣ ከዘጋች ከ2013 ወዲህ እዚህ የሚጣራው እርሳስ በአብዛኛው ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የሚገኝ ነው።

የብረት ፍሬ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አንቲሞኒ አይፈልግም። ግን ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ወፈር ያለ ፍሬ ይጠይቃል፣ ስለሚጠነክርም ጠባብ ቾክ (የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት) ያለውን አሮጌ አፈሙዝ ይጎዳል። የእኔ ጠመንጃ አሮጌም ጠባብም ነው። ስለዚህ የከረጢቱ ዋጋ የትም ቢደርስ ለ472 እያካፈልኩት ነው።