ከእናት የተደበቀች እሳት

ከዋሽንግተን ወደ ዴንቨር ለሠርግ ልንበር ስንል፣ የእህቴ ልጅ ፍተሻው ላይ የእጅ ቦርሳው በእናቱ ፊት እንዳይከፈትበት ፈርቶ፣ ቬፕ የሚሏትን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሚጫነው ሻንጣ፣ ካልሲ ውስጥ ወሸቃት።

«አውጣት!» አልኩት። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ጭሷ ሳይሆን ባትሪዋ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከጋለ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ማን ያየዋል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 በሚጫን ሻንጣ መያዟን የከለከለችው ለዚህ ነው። በእጅ ትያዛለች፤ ፈሳሹም በየብልቃጡ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። አውሮፕላን ውስጥ ማጨስ፣ ቻርጅ ማድረግ የለም።

ወቀሳዬ ግን በልጁ ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ጥፋት ማለት የታየ ነገር ነው። ልጆቻችንን መተውን ሳይሆን መደበቅን አስተማርናቸው። እሳት ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።