ታንኩም ይተነፍሳል

የድሮ ቮልስዋገን ይዞ ጋራዥ የሚመጣ ባለቤት ስለ ነዳጅ ታንኩ ከሁለት ቅሬታዎች አንዱን ይነግረኛል። አንዱ «ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጥቂት ከሄደች በኋላ ጉልበት ታጣና ትጠፋለች፤ ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ግን ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች» ይላል። ሁለተኛውን ስሰማ «ጋሼ፣ የታንኩን ክዳን በቅርቡ ቀይረዋል እንዴ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «አዎ ልጄ፣ ሽታው ሲያስቸግረኝ ጊዜ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ክዳን ገዛሁላት» የሚል ነው። ሽታውን ሲሸሹ የታንኩን መተንፈሻ ዘግተዋል ማለት ነው።

ሞተሩ አንድ ሊትር ቤንዚን ከታንኩ ሲወስድ በምትኩ አንድ ሊትር አየር መግባት አለበት። አየሩ ካልገባ የታንኩ ውስጥ ግፊት ይወርዳል፣ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል፣ ካርቡራተሩ ይደርቃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አየር በሆነች ስንጥቅ ቀስ እያለ ሲገባ መኪናዋ «ትድናለች»። ይህን የማያውቅ መካኒክ ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡራተር ይፈታል፣ ፖምፓ ያስገዛል። ፍተሻው ግን ገንዘብ አይጠይቅም፦ መኪናዋ ስትጠፋ ክዳኑን መክፈት ነው። አየር በፉጨት ወደ ውስጥ ከገባና መኪናዋ ወዲያው ከተነሳች ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ፀሐይ ላይ ስትቆም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቤንዚኑ ይሞቃል፣ ይተናል፣ ትነቱም መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ መተንፈሻው የሚያገለግለው በሁለቱም አቅጣጫ ነው። የእኛ አገር መልክዓ ምድር ደግሞ ሥራውን ያበዛበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሯ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቤንዚንም ከባሕር ዳርቻው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። የዓባይን ሸለቆ ከድልድዩ ተነስታ ወደ ደጀን የምትወጣ መኪና ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። ታንኩ በቆላው ሙቀት ግሏል፣ በውጭ ያለው ግፊት በየመጠምዘዣው ይቀንሳል፤ ሁለቱ ተደምረው ትነቱን ወደ ውጭ ይገፉታል። የታፈነ ታንክ ይህን ግፊት በደከመ ጎማ ቱቦ ወይም በላላ ማሰሪያ በኩል ያስተነፍሰዋል።

ቮልስዋገን ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከሹፌሩና ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው እግር ፊት ለፊት ነው። በቆዩት ሞዴሎች ነዳጅ የሚሞላው እንኳ ኮፈኑ ተከፍቶ ነው። ያመለጠ ትነት በዳሽቦርዱ ክፍተቶች ሾልኮ ወደ ተሳፋሪው ይገባል፤ ቤንዚን ውስጥ ደግሞ ካንሰር አምጪው ቤንዞል አለ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ መካኒኩ አምፖል ይዞ በሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

የድሮዎቹ መሐንዲሶች መፍትሔ ትነቱን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነበር። ያንን የለወጠው የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ነው። ኬሚስቱ አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የነዳጅ ትነትና የመኪና ጭስ ፀሐይ ሲያገኛቸው ዓይን የሚያቃጥለውን ጭጋግ እንደሚፈጥሩ አሳየ። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ መላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የታንክ ትነት እንዲያዝ አስገደዱ። ወደዚያ የተላከችው ቮልስዋገን ከሰል የተሞላ ጣሳ ተገጠመላት። መኪናዋ ስትቆም ትነቱ ከሰሉ ላይ ይያዛል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከማቀዝቀዣው ፋን የሚመጣ አየር ከሰሉን ጠርጎ ትነቱን ወደ አየር ፊልትሮው ይወስደዋል፣ ሞተሩም ያቃጥለዋል። ሽታ የነበረው ነገር ነዳጅ ሆኖ ይመለሳል።

ይህን ዘዴ በ1960ዎቹ መኪና ላይ መግጠም ይገባል ወይ? የጥንቱን መልክ የሚወዱ ሰዎች ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ፣ ነገ ሊነቀል በሚችል መንገድ ከሆነ እገጥማለሁ፤ በተለይ መኪናዋ ከመኖሪያ ቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ የምታድር ከሆነ። ጣሳው የሚሞላው ግን በምድጃ ከሰል አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጀው ከሰል በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። ጠላቱ ፈሳሽ ቤንዚን ነው። ማደያ ላይ «አፉ ድረስ ሙላው» የሚል ባለቤት ቤንዚኑ የሚሰፋበትን ቦታ ይወስድና ፈሳሹን ወደ ጣሳው ይልከዋል፤ የራሰ ከሰል ደግሞ ትነት መያዝ ያቆማል።

የእጅ ሥራው ያለው ከጣሳው ይልቅ በቱቦው ላይ ነው። የመተንፈሻው ቱቦ መጀመሪያ ከታንኩ አፍ በላይ ከፍ ብሎ ከዚያ መውረድ አለበት፤ አለዚያ ዳገት ላይ የቆመች መኪና ቤንዚን ትተፋለች። መሃሉ ላይ ከረገበ እዚያ የተጠራቀመ ፈሳሽ እንደ ውታፍ ይዘጋዋል። የውሃ ቱቦ ለቤንዚን አይሆንም፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። በጨርቅ የተሸመነው የድሮ ቱቦ ደግሞ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ስለሚበጣጠስ በዕድሜው እንጂ በመልኩ አላምነውም። ታንኩን በጎሚስታ አየር ለመፈተሽ የሚሞክርም አለ፤ ጎማ የሚነፋ ግፊት ቀጭን ላሜራን ይቀደዋል። በአፍ ከሚነፋ ትንፋሽ ያልበለጠ ግፊትና የሳሙና አረፋ ይበቃሉ።

ሥራው ማለቁን የማረጋግጠው በሁለት ፈተና ነው። መኪናዋ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተዘግታ ትቆይና በሯ ሲከፈት መሽተት የለባትም። ቀጥሎ ወደ እንጦጦ ትወጣለች፤ እላይ ስትደርስ ክዳኑ ሲከፈት ትነት በኃይል መውጣት፣ አየርም በኃይል መግባት የለበትም። የመጀመሪያውን ብቻ ማለፍ ቀላል ነው፤ ጥብቅ ክዳን የገዙት ጋሼም አልፈውታል። እኔ የጥገና ሒሳብ የምጠይቀው ሁለቱንም ስታልፍ ነው።