የንድፍ አስተሳሰብ ትምህርትና የተግባር ፈተናው

ዛሬ በበርካታ ከፍተኛ የትምህርት ተቋሞች «የንድፍ አስተሳሰብ» በሚል ስያሜ የሚሰጠው ትምህርት አምስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም የተጠቃሚውን ኑሮ ቀርቦ መረዳት፣ ችግሩን መበየን፣ ሐሳብ ማመንጨት፣ ናሙና መሥራትና መፈተን ናቸው። ሥርዓቱን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ በአሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደረጃዎቹ በራሳቸው ነቀፋ የለባቸውም። ነቀፋው የሚነሣው በጥቂት ሳምንት የሚፈጸሙ ተደርገው ሲቀርቡ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ2007 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ ተማሪዎች ዋጋው ከተለመደው ከ1 በመቶ የማይበልጥ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ እንዲነድፉ ታዘዙ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ኔፓል ተጉዞ ሆስፒታል ቢጎበኝ ማሞቂያዎቹን ባዶ ሆነው አገኛቸው። ያለጊዜያቸው የተወለዱት ሕፃናት የሚያልቁት በገጠር፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ርካሽ ሣጥን መንደፉን ትቶ፣ አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ለሰዓታት ሙቀቱን የሚጠብቅ ሰም መሰል ነገር የያዘ የሕፃን መጠቅለያ ሠራ።

በየመማሪያ ክፍሉ የሚተረከው እስከዚህ ያለው ነው። ዋናው ትምህርት የተገኘው ግን የትምህርቱ ዘመን ካበቃ በኋላ ነው። ቡድኑ ወደ ሕንድ ተሻግሮ ሲሠራ፣ አንዲት የገጠር እናት የምዕራባውያን መድኃኒት ይበረታል ብላ ስለምታምን ሙቀቱን ከታዘዘው መጠን ዝቅ አድርጋ እንደምትጠቀም ገለጸች። በዚህም የተነሣ ቁጥር የሚያሳየው መለኪያ ቀርቶ ሙቀቱ ተስማሚ መሆን አለመሆኑን ብቻ የሚናገር ምልክት ተተካ። በክፍል ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ይህን ጉድለት ሊገልጠው ባልቻለም ነበር።

በ1919 እ.ኤ.አ. በጀርመን በቫይማር ከተማ የተቋቋመው ባውሃውስ የስድስት ወሩን የመሰናዶ ትምህርት ለመነሻ ያህል ብቻ ይቈጥረው ነበር። ከዚያ በኋላ ተማሪው ወደ ወርክሾፕ ገብቶ ከሠዓሊም ከእጅ ባለሙያም እየተማረ ዓመታት ይቈያል። እንጨቱ፣ ብረቱና ሽመናው ራሳቸው ያርሙት ነበር። የዛሬው አጭር ትምህርት የጐደለው ይህ የሚያርም ኃይል ነው።

እንግዲህ መምህሩ ሊመዝን የሚገባው ተማሪው በመጨረሻው ቀን ያቀረበውን ናሙና ብቻ ሊሆን አይገባም። ናሙናው በተጠቃሚው እጅ ከገባ በኋላ ምን እንደ ሆነና ተማሪው ተመልሶ ምን እንዳረመ ጭምር መመዘን አለበት። ችግሯን ተናግራ መፍትሔውን የማታይ እናት ለፈተና ማለፊያ አገለገለች እንጂ አልተገለገለችም።