ልውውጥ ወይስ ብድር? በማዕከላዊ ባንኮች ስምምነት ላይ የሚሰጡ ብያኔዎች ሲመረመሩ

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንክ እስከ 3 ቢሊዮን ድርሃምና እስከ 46 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ተፈራረሙ። ጉዳዩ ከምዕራብ ጎጃም የራቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዱባይ ዕቃ ለሚያስመጣ የፍኖተ ሰላም ሙስሊም ነጋዴ፣ ልጁ ከዚያው ገንዘብ ለምትልክለት የቡሬ ቤተሰብ፣ ድርሃም ወደ አገር የሚገባበት መንገድ ሐላል መሆን አለመሆኑ የዕለት ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የሚሰናከሉት በአንድ ድንጋይ ነው ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው መልስ ስምምነቱን ይፈቅዳል። መነሻው ዑባዳ ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው፤ ዓይነታቸው የተለያየ ገንዘቦች እጅ በእጅ እስከሆኑ ድረስ በፈለጉት መጠን ሊመነዘሩ ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ የወረቀት ገንዘብን በወርቅና በብር ማዕድን ሕግ ሥር አስገብቷል። ሁለተኛው መልስ በዚሁ ሐዲስ ተመርኩዞ ይከለክላል፤ የመጨረሻው ርክክብ በቀጠሮ ስለሆነ የመዘግየት ሪባ አለበት ይላል። ሁለቱም ውሉን እንደ ሰርፍ፣ ማለትም እንደ ምንዛሪ ሽያጭ፣ ቆጥረውታል። ያሳታቸው «ልውውጥ» የሚለው ስም ነው።

የዚህ ዓይነት ውል አሠራር እንዲህ ነው፦ ገንዘብ የፈለገው ባንክ የራሱን ገንዘብ ሰጥቶ የሌላውን ይወስዳል፤ ቀኑ ሲደርስ እያንዳንዱ የወሰደውን ይመልሳል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓና ለስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንኮች በከፈተው የታወቀ መልክ፣ መመለሻው በመጀመሪያው ቀን ተመን ሲሆን ወሳጁ ወለድ ይከፍላል። የሰጠውን መልሶ የሚረከብ፣ የገበያ ዋጋ ቢወጣ ቢወርድ የማይነካው ሰው ሻጭ ሊባል አይችልም።

የምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህን ከመጻሕፍት ሳይማር ያውቀዋል። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ማሳውን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው እያረሰ ምርቱን ይበላል፤ ብሩ ሲመለስ ማሳውም ይመለሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድ ይለዋል። ገበሬው መሬቱን ሸጠ የሚል ጎረቤት የለም፤ ተበደረ ይላል እንጂ። በፊቅህ አቻው በይዑል ወፋእ ነው፤ አካዳሚው በ1992 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ይህ ሽያጭ በእውነቱ ጥቅም የሚያመጣ ብድር መሆኑን ወስኗል። ውል በቃሉ ሳይሆን በፍሬ ነገሩ ይመዘናልና።

ከዚህ አንጻር ስምምነቱ ሊመረመር የሚገባው በብድር ሚዛን ነው። ሚዛኑ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛ፣ በዋናው ገንዘብ ላይ ወለድ ተወስኗል ወይ? ከተወሰነ ተዋዋዮቹ መንግሥታት መሆናቸው ሪባነቱን አያነሳም። ሁለተኛ፣ «አበድረኝ ላበድርህ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ብድር በብድር ታስሯል ወይ? ይህን በተለይ የማሊኪያ ሊቃውንት አጥብቀው ይከለክሉታል።

ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ፣ ሲፈረም ወደ 3 ቢሊዮን ድርሃም ይጠጋ የነበረው 46 ቢሊዮን ብር በዚህ ተመን 1.7 ቢሊዮን አይሞላም። ውሉ ሽያጭ ቢሆን ኖሮ፣ ብር የተረከበው ወገን ኪሳራውን በራሱ ላይ ይሸከም ነበር። ብድር ከሆነ ግን የሚመለሰው አምሳያው ነው፤ አካዳሚው በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ዕዳ በአምሳያው እንጂ በዋጋው እንደማይከፈል ወስኗልና።

ነጋዴውን በተመለከተ፣ ከንግድ ባንክ ድርሃም ሲገዛ የእርሱ ውል እውነተኛ ሰርፍ ነው፤ ብሩን ከፍሎ ድርሃሙን ያለ ቀጠሮ መረከብ ይጠበቅበታል። በሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች መካከል ያለው ውል እንከን ቢኖርበት፣ ኃላፊነቱ በተዋዋዮቹ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ እርሱ አይተላለፍም። ቤተሰቡም ልጁ ሠርታ የላከችውን በሰላም ይቀበል። ብያኔ ሰጪዎችን የምንጠይቀው፣ ስሙን ከማየታቸው በፊት የወለዱንና የመመለሻውን አንቀጽ እንዲያነቡ ነው። ወላሁ አዕለም።