በዓይኔ በብረቱ

ወረታ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ማታ ማታ የሰው ደብዳቤ አነባለሁ። ውጭ አገር ሄደው ማስተርስ መማር የሚፈልጉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የኮሌጅ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የጻፉትን ሞቲቬሽን ሌተር ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። የግብርናዎቹ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» ይላል። ውሸት የለበትም። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን እኔም የጀመርኩት በእሱ ነበር፤ መልሱም ሁለት መስመር የማይሞላ «አልተቀበልንዎትም» ሆነ። ዛሬ ብዕሬን ሳነሣ አስቀድሜ የምሰርዘው ይህን ዓረፍተ ነገር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የፎገራን ጭቃ ረግጦ የማያውቅ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ጻፊው ማን እንደሆነና የት ቆሞ እንደሚናገር ምንም አይነግረኝም።

በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ጀምሬ፣ በሁለተኛው ሙከራዬ ጃፓን ተምሬ፣ ተመልሼ እዚሁ ሩዝ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ደብዳቤ የማየቱን ነገር ማንም አልሾመኝም። አንድ ሁለት ሰው ሲሳካለት ሌላው ሰምቶ መጣ፤ እንዲህ እያለ ሙያ ሆነ። ይህን ሙያ የተማርኩት ግን ጃፓን አይደለም፤ ከአጎቴ ነው።

አጎቴ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ በያዘው ጣውላ አድርጎ፣ ለባላገሩ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ልጅ ሆኜ ስንቅ ሳደርስለት አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ባለጉዳዩ ገና ሳይቀመጥ «ተበደልኩ፣ ድሃ ነኝ፣ ልጆቼ ተራቡ» እያለ ሲያለቅስ አጎቴ አያቋርጠውም። ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። «በዓይንህ ያየኸው የትኛው ነው? የሰማኸውን ኋላ እንጨምረዋለን።» ድንበሩ ላይ ድንጋዩ የተነቀለው ማክሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ፣ ማን ቆሞ ነበር፣ በሬዎቹ የማን ነበሩ። የጻፈውን ዳኛው እንደሚያነብለት አውቃለሁ፤ ባለጉዳዮቹም እሱን ፍለጋ ሌላውን ጸሐፊ እያለፉ ይመጡ ነበር።

የእኛ ልጆች ደብዳቤ ከማመልከቻው የወሰደው ልቅሶውን ብቻ ነው። ድህነታችንን፣ ዕድል ማጣታችንን፣ ቢሰጠን አገር እንደምንለውጥ እንዘረዝራለን። ሌላው ጉድለት ከቀበሌ ሪፖርት የመጣ ነው። ቋንቋው ሁሉ «ተሠርቷል፣ ተረጋግጧል፣ ግንዛቤ ተፈጥሯል» ነው። ማን ሠራው? ማን አረጋገጠው? ስጠይቃቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ «እኔ ነኝ፣ ግን እኔ እኔ ማለት ነውር መስሎኝ» ይላሉ። ይህ አስተዳደግ የተከበረ ነው፤ እንዲጥሉት አልፈልግም። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ምስክር ዳኛ ፊት ቆሞ «ታይቷል» አይልም፤ «አየሁ» ይላል። ያንን ያለ ሰው ጉራ ነዛ የሚለው የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር አንዲት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መጣች። ደብዳቤዋ ሁለት ገጽ ነው፤ የጀርባ አጥንቱም፣ የምግብ ዋስትናውም፣ የአየር ንብረት ለውጡም አለ። አስቀመጥኩትና «እስቲ ዘንድሮ በቀበሌሽ ሩዙ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ዘንድሮማ ብርድ መታብን» አለች። «ዘግይቶ የተዘራው ዛላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የደረሰ ሩዝ ያጎነብሳል እኮ፤ ይኼ አላጎነበሰም። ስፈለፍለው ባዶ ነው።»

«በስንት ማሳ አየሽው?»

ከቦርሳዋ የተጨማደደ ደብተር አወጣች። ባለማሳዎቹ የዘሩበት ቀን፣ ዝርያው፣ ከየማሳው የቆረጠቻቸው ዛላዎች፣ ከመቶው ፍሬ ስንቱ ባዶ እንደሆነ በእርሳስ ተጽፏል። ሐምሌ መጨረሻ በተዘራው ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ሰኔ ላይ በተዘራው ጥቂት ነው። ማንም አላዘዛትም። የሪፖርት ቅጹ ለዚህ የሚሆን ሣጥን ስለሌለው ለወረዳም አላቀረበችውም። ደብዳቤዋ ውስጥ ደግሞ ስለዚህ ደብተር አንዲት ቃል የለም። ያን ማታ ሁለቱን ገጽ ትተን ከደብተሩ ጀመርን።

የደብተሩ ጉዳይ ቀላል እንዳልሆነ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተምሥራቅ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚተኙበት ረግረግ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ። ድሮ የሚታወቀው በፎገራ ላሞች ነበር። ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር፣ በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው፤ ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘውም ከዚያ ነው። ዛሬ ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ሳይሰማበት የሚውል ቀን የለም፤ የሩዝ ዱቄትም ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ይሆናል። ነገር ግን ሩዝ የቆላ ዘመዶቹ የሚበዙ ተክል ነው። ዛላው ገና በአገዳው ውስጥ ታቅፎ ሳለ፣ የወንዴ ዱቄቱ በሚሠራበት ጥቂት ቀናት ብርድ ካገኘው ዱቄቱ ይመክናል። ዘግይቶ የተዘራ ሩዝ እዚያ ደረጃ የሚደርሰው የክረምቱ ደመና ሲገለጥና ሌሊቱ ሲበርድ ነው። ውጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው አጨዳ እስኪደርስ አያውቀውም።

ይህንኑ ነገር በዓይኑ ያየ ሌላ አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ጃፓን ውስጥ የሩዙ ወራት እጅግ ቀዝቅዞ የሰሜኑ ሩዝ መከነ፤ በዓለም ሀብታም ከሚባሉት አንዱ የሆነው አገር ከታይላንድና ከሌሎች አገሮች ሩዝ እስከ መግዛት ደረሰ። በሰሜኗ ደሴት በሆካይዶ ብርድ የሚችል ዝርያ የሚያራቡ፣ ዛላው በታቀፈበት ሰሞን የማሳውን ውሃ ከፍ አድርገው እንደ ብርድ ልብስ የሚያለብሱት ሰዎች ለዓመታት የለፉበት ጉዳይ ነው። ይህን ስነግራት ልጅቷ ዝም ብላ ቆየች። «ታዲያ የእኔን ደብተር የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው?» አለች።

የዚህ ሙያ ዋናው ነገር እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የደረስኩበት ይኸው ነው፦ አንተ ያየኸውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ከባሕር ማዶ አለ፤ ሥራህ እሱን ፈልጎ ማግኘትና ያየኸውን መንገር ነው። የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ አመልካች የሚቀበለው ፕሮፌሰር ያስፈልገዋል፤ አውሮፓም አሜሪካም ቢሆን ለምርምር የሚያመለክት ሰው ይህ መንገድ ይጠቅመዋል። ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከዓለማያ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተሻገሩት የማሽላ ተመራማሪው ጆን አክስቴል ሥራቸውን አይቶ ስለጋበዛቸው ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ማሽላ ነበር። ፕሮፌሰር ገቢሳ ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

ለፕሮፌሰር የሚጻፍ ኢሜይል አጭር ይሁን እላለሁ። «ክቡርነትዎ» እያሉ አንድ አንቀጽ ማባከን አያስፈልግም። ያየሁት ይህ ነው፤ ያልገባኝ ይህ ነው፤ የእርስዎ ጽሑፍ ላይ ይህን አንብቤያለሁ። አንድ ኢሜይል ለአርባ ሰው ገልብጠው የሚልኩ አሉ፤ ስሙን ሳይቀይሩ የላኩም አጋጥመውኛል። አርባውም የማይመልሱት ለዚህ ነው። ለሦስት ሰው፣ የሦስቱንም ሥራ አንብቦ መጻፍ ሳምንታት ይፈጃል። ይፍጅ።

የሪኮሜንዴሽኑ ጉዳይ ከዚህ ይከብደኛል፤ በእጃችን ያለ ጉዳይ ስላልሆነ። አስተማሪው «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» ይላል፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መቶ ሃምሳ ተማሪ ያስተማረ ሰው እያንዳንዱን ማስታወስ አይችልም። ተማሪው ስለ ራሱ በሌላ ሰው አፍ ይጽፋል፤ ሦስቱም ሪኮሜንዴሽን እንደ አንድ ሰው ያወራሉ፤ አንባቢው ያውቃል። እኔ የማስደርገው አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዘው እንዲሄዱ ነው፦ የትኛውን ኮርስ እንዳስተማራቸው፣ በመመረቂያ ጽሑፋቸው ላይ ምን ብሎ እንዳረማቸው፣ የት ማሳ አብረው እንደሄዱ። ሰው ሲያስታውስ ራሱ ይጽፋል። ሁሉም ባይሆን ብዙዎቹ ጽፈዋል።

ወረቀቱን በተመለከተ በአጭሩ ልለፈው፤ ግን ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ ጨርሼ መተው አልችልም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ኮስት ሼሪንጉን ሳይከፍል ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጠውም፤ በቴምፖራሪ ዓመታት የቆዩ ልጆች ይህን የሚያስታውሱት ዴድላይኑ ሲቀርብ ነው። ከመስከረም ጀምራችሁ ጨርሱ እላለሁ። የቀን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው፤ በእኛ 2010 የተመረቀ ሰው ቅጹ ላይ ስምንት ዓመት ወደኋላ እንዳይመረቅ መጠንቀቅ አለበት። ስሙም እንዲሁ። ፈረንጁ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ሰነድ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ይሰፍራል። የወረታን ስም እንኳ በላቲን ፊደል አንዱ ቢሮ በ«ኦ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፈዋል፤ የአንድ ሰው ሁለት ሰነድ ሁለት ከተማ የተወለደ ያስመስለዋል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ይዞ ሌላውን ሁሉ በእሱ ማስተካከል ነው። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ካጋጠመ፣ ለመተው ከመወሰን በፊት ክፍያው ይነሣልኝ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ብዙዎች ያነሣሉ።

በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ማንሣት ያስጨንቀኛል። ለወራት ነው የቆየው። ዓመት ሙሉ የተዘጋጁ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ፋይላቸውን በፍላሽ አድርገው አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጡ፤ መንገዱ ሲዘጋ ፍላሹም ከሰውየው ጋር ቆመ። አንዱ የደብዳቤውን ጽሑፍ በስልክ ለእኅቱ ቃል በቃል ሲያነብላት ሰምቻለሁ፤ እሷ እዚያ ትተይባለች፣ እሱ እዚህ «ነጥብ፣ አዲስ መስመር» ይላል። ዴድላይን በፍርድ ቤት እንዳለ ቀጠሮ አይደለም፤ ያለፈበት ሰው ምክንያቱን የሚያስረዳበት ችሎት የለም። ጎበዞቹ ያለፋቸውን ዓመት ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

«ትመለሻለሽ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉም ይፈሩታል። የብሪታንያው ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ለምሳሌ ከትምህርት በኋላ ሁለት ዓመት አገርህ ተቀመጥ ይላል፤ ሌሎቹም በዚህም በዚያም ይጠይቃሉ። እንዲዋሹ አልመክርም። ደብተር ያለው ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመሐላ የበለጠ ነው፤ ጥያቄው ያለው እዚህ ማሳ ላይ ስለሆነ ተመልሶ የሚፈትነውም እዚሁ ነው።

ልጅቷ የጻፈችለት ፕሮፌሰር በአሥራ አንደኛው ቀን መለሰ። ምስጋናም ተስፋም አልሰጠም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። ዛላው በታቀፈበት ሰሞን ማሳዎቹ ላይ የነበረው ውሃ ስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነበረው? ደብተሯ ላይ አልነበረም። ፊቷ ጠቆረ። «በቃ ጋሼ፣ አልለካሁትም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ከቁጥሮቹ አንዱ ወደወጣበት ማሳ አብረን ሄድን። ውሃው ሸሽቷል፤ ሩዙ ሳይታጨድ በሥሩ የተበተነው ጓያ በጭቃው ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ባለማሳው ማጭዳቸውን በትከሻቸው አንግተው መጡ።

«አባቴ፣ መስከረም ማለቂያ ላይ ውሃው የት ድረስ ነበር?» አለቻቸው።

ሱሪያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ከቁርጭምጭሚታቸው ትንሽ ከፍ አድርገው በጣታቸው ነኩ። «እዚህ ድረስ ልጄ። አረም ስናወጣ እዚህ ነበር የሚይዘን።»

ተንበረከከችና ሜትሯን ከተረከዛቸው እስከ ጣታቸው ዘረጋችው። ቁጥሩን ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ጨመረችበት፦ እኔ የለካሁት አይደለም፤ ባለማሳው በእግራቸው ያሳዩኝ ነው።