የገጠሯ ሞተር

ስለ ሞተር ሳይክል ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ፍጥነትና ድምፅ ነው። እኔ የማደንቃት ግን ያማሃ ኤጂ 100ን ነው፤ የሞተሯ ይዘት 97 ሲሲ ብቻ፣ መልኳም እንደነገሩ። ለእርሻ ሥራ ተብላ መሠራቷን ቀረብ ብሎ ያያት ሁሉ ይረዳል። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ ክዳን ውስጥ ስለሆነ የክረምት ጭቃ አያገኘውም። ማቆሚያ በግራም በቀኝም አላት፤ ተዳፋት ላይ የሚያቆማት ሰው መሬቱ ወደፈቀደለት ጎን ያስደግፋታል። ፍሪሲዮኗም ተጨብጦ የሚቆይበት መቆለፊያ አለው፤ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ማርሽ ሳያወጡ ወርዶ የበረት በር መክፈት ይቻላል። ይህን ያሰበ መሐንዲስ በእውነት ከብት የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት!

ዕቃ መጫኛዋ ከፊትም ከኋላም ነው። በእኛ አገር ገጠር የእንስሳት ጤና ባለሙያ የክትባት ሣጥኑን ከኋላ ጠፍሮ፣ መኪና በማይደፍረው የእግር መንገድ ይሄድባታል። እሷ ባትኖር ያን ሁሉ ዳገት በበቅሎ ወይም በእግሩ ሊወጣው ነው፤ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ደግሞ ሳይቀልጥ አይጠብቀውም።

ጭሷን አልክድም። ዘይትም ትወዳለች፤ የዘይት ጋኑን ሳያይ የሚነሳ ሰው ሞተሩ መንገድ ላይ ይነክስበታል። ቤንዚን ላይ ግን ቁጥብ ናት፤ ካንዴላዋንም ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ፣ ጠርጎ ይመልሰዋል።